ያልተደፋው ፈሳሽ

በዚያ ቤተ ሙከራ አጥንት የሚቆርጡ እጆች ስድስት ነበሩ፤ አጥንት የሚታዘዝላቸው ግን ሁለት ብቻ። የሁለቱ እጆች ባለቤት «ምላጭ» ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ለእጇ ነው ይሏታል። ለምላሷም ጭምር መሆኑን ታውቃለች፤ አልከፋትም።

እዚያ ቤት የገባችው ብርጭቆ ልታጥብ ነበር። የታጠበውን እየደረደረች፣ በቆራጮቹ ትከሻ ላይ ዓይኗን ጣል እያደረገች፣ ማን ስለቱን እንዴት እንደሚያዘነብል፣ የማን እጅ የቱ ጋ እንደሚቸኩል ለቀመች። አንድ ቀን አንዱ ቆራጭ አጥንት ሰንጥቆ ስለቱን ሲራገም ብትሰማው «ስለቱ ምን አደረገህ? አንተ ነህ እንደ ሽንኩርት የምትከትፈው» አለችው። ሳቁባት። «እስቲ አንቺ ሞክሪው!» አሏት። ሞከረችው። ከዚያ ወዲህ የሳቀባት የለም። «ማን አስተማረሽ?» ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ዓይኔ።»

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተሯ፣ ቃል ቆጣቢዋ ሴት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም የአጥንት መጽሐፍ ልትጥል ስትል ምላጭ ተቀበለቻት። መዝገበ ቃላት ጎኗ አድርጋ፣ በምሳ ሰዓት በምሳ ሰዓት፣ ሦስት ዓመት አነበበችው። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ገባኝ»፣ «አልገባኝም» የሚል ሞልቶበታል፤ አንዳንድ ቦታም «ይሄ ሰውዬ አጥንት ቆርጦ አያውቅም» ይላል።

ይህቺው ሴት፣ ከፀጉር የቀጠነ የአጥንት ቅጠል ሳይሸበሸብ መስታወት ላይ የምታነጥፈው፣ አንድ ነገር አይሆንላትም ነበር፤ የታናሽ እህቷን ልጅ ማንሳት።

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። ቤት ያወጣላት ስም ቢኖርም አክስቷ «ጉንዳን» ትላታለች፣ ሁልጊዜ ከራሷ የሚበልጥ ነገር ካልያዝኩ ስለምትል። የዘጠኝ ወር ሕፃን ሳለች ገላዋን ታጥባ፣ ምላጭ ከመታጠቢያው ሳህን በብብቷ ብድግ አደረገቻት። ሸንበቆ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ክንዷ ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ፣ ሐኪሙ ገና ወንበሩን ሳይስብ፣ ምላጭ ቀድማ «ወተት ስለማትጠግብ ነው! እናቷ ፀሐይም አታወጣትም!» አለች። እህቷ ዞር ብላ አየቻት። አንድ ቃል አልመለሰችም።

ያን ቃል የሰሙት የእህቷ አማት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ አራት ጊዜ ተሰበረች፤ አንዴ ከአልጋ ስትወርድ፣ አንዴ ስታስነጥስ፣ ሁለቴ ማንም ሳያይ። በተሰበረች ቁጥር አማቲቱ «የአጥንት ባለሙያዋ አክስቷ እንኳ ብላለች እኮ» ይላሉ። ምላጭ ይህን ትሰማለች፤ ያን ቃሏን ግን አታነሳውም። ብታነሳው ልጅቷን ብድግ ያደረገቻት እሷ መሆኗም አብሮ ይነሳል። «እጄ ነው ወይስ አጥንቷ?» የሚለውን ጥያቄ አምስት ዓመት ሙሉ ማንንም ሳትጠይቅ ኖረች። እሱን ፈርታ ልጅቷን አንድም ቀን አላነሳቻትም። አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ታጫውታታለች፣ ፀጉሯን ትነካለች። አታነሳትም።

የልጅቷ እናት ልብስ ሰፊ ናት። የልጇ ቀሚሶች ሁሉ ከብብት እስከ ጫፍ በጎን የሚከፈቱ፣ በጥብጣብ የሚታሰሩ ናቸው፤ ክንድ መጎተት እንዳይኖር። ምላጭ እነዚያን ጥብጣቦች ባየች ቁጥር ዓይኗን ወደ መስኮቱ ትመልሳለች።

የእህቷ ቤት መስኮት ላይ ሁለት የዶሮ እግር አጥንት አለ። ምላጭ ለልጅቷ ልታሳያት የሠራችው ነው። አንዱን ሳምንት ሙሉ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፋ ቋጠረችው፤ እንደ ጫማ ማሰሪያ ተቋጠረ። ሌላውን ምድጃ ላይ እስኪነጣ አቃጠለችው፤ ሲነኩት ይፈረፈራል።

«አጥንት ሁለት ነገር ነው፣ ጉንዳኔ» አለቻት ያን ጊዜ። «አንዱ ገመድ ነው። ኮላጅን ይሉታል፤ ሦስት ክር ባንድ የተገመደ። ሌላው ድንጋይ ነው፤ ከካልሲየምና ከፎስፌት የተሠራ፣ በዓይን የማይታይ ጠጠር። ኮምጣጤው ድንጋዩን በልቶ ገመዱን ተወልን። እሳቱ ደግሞ ገመዱን በልቶ ድንጋዩን ተወልን።»

ልጅቷ ሁለቱንም አየት አየት አደረገችና «እኔ የትኛው ነኝ?» አለች።

ምላጭ አጥንቶቹን መልሳ መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻቸው።

ልጅቷ ለአምስተኛ ጊዜ ተሰብራ የዳነች ሰሞን፣ ሐኪሞቹ ከዳሌዋ የእርሳስ ቁራጭ የምታህል አጥንት አውጥተው ወደ ቤተ ሙከራው ላኩ። ደግመው እንደማይወጓት አስቀድመው ተናገሩ። ያቺው አንዷ ናት።

ጠርሙሷ ነጭ ክዳን ነበራት። እዚያ ቤት ሰማያዊ ክዳንና ነጭ ክዳን አለ። ሰማያዊው «ዝግተኛው» ወደሚሉት ፈሳሽ ይሄዳል፤ ዝግተኛው በሳምንታት ውስጥ ድንጋዩን ከአጥንቱ አሟሙቶ ያወጣና ለስለት የሚመች ለስላሳ ነገር ያስቀራል። ከመቶ አጥንት ዘጠና ስምንቱ ሰማያዊ ነው። ነጩ ግን በአልኮል ይመጣል፤ ድንጋዩ እንዳይነካ፣ እንዳለ በፕላስቲክ ተጠፍሮ ይቆረጣል። የጉንዳን ጥያቄ ደግሞ ድንጋዩ ነበር፦ አንሷል ወይስ አላነሰም? ካነሰ መፍትሔው ሽሮፕና ፀሐይ ነው፤ ጥፋቱም የእናትየው ይሆናል። ካላነሰ ሌላ ነገር ነው።

ዶክተሯ ጠርሙሷን ይዛ መጣች። «የእህትሽ ልጅ ናት። ሌላ ሰው ይቁረጠው» አለች።

«ሌላ ማን?» አለች ምላጭ። «እነዚህ? ከእነሱስ መስኮት ላይ ባስቀምጠውና ወፍ ብትቆርጠው ይሻላል።»

ዶክተሯ ትንሽ አሰበች። ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ምላጭ መለያ ወረቀቱን አነበበች። የልጅቷ ሙሉ ስም ነበር፤ በዚያ ስም ማንም ጠርቷት አያውቅም። ዕድሜ፣ ስድስት። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን እጇ ነው ያደረገው፤ እሷ አልነበረችም። እሷ የሸንበቆውን ድምፅ ትሰማ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፕላስቲኩን ልታዘጋጅ ነጩን ጠርሙስ ብትፈልግ አጣችው። መደርደሪያውን አየች፣ ማቀዝቀዣውን አየች። በመጨረሻ መታጠቢያው ጋ አገኘችው። ባዶውን፣ ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ ነጭ ክዳኑ ጎኑ ተቀምጦ። እንዲህ አድርጎ ክዳን የሚያስቀምጥ እዚያ ቤት ከእሷ ሌላ የለም።

ክው አለች። ሮጣ፣ ጠርሙሶቹን ሌት ተቀን የሚወዘውዘው ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት ሰማያዊ ክዳኖች መሃል አምስተኛውን አነሳች። የእርሳስ ቁራጯ ዝግተኛው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ።

«ሞት ይርሳኝ!» አለች።

የሰማት ጋሽ ማኅተም ነው። የናሙና መዝገብ ያዥ ነው፤ ማኅተም ከመውደዱ የተነሳ የምሳ ዕቃው ክዳን ላይ እንኳ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም አለ። መጥቶ ጠርሙሱን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ገባው።

«የልጅቷ ነው?»

«አዎ።»

በመቆንጠጫ አውጥታ ጫፉን በመርፌ ነካች። ለዚህ ነገር ጣቷ ሚዛን ነው። ውጪው ለስልሷል፤ ከሥሩ ግን መርፌዋ ጠንካራ ነገር ነካ። መሃሉ አለ። መሃሉ ገና አልተነካም።

«እና ምን ያስጨንቅሻል?» አለ ጋሽ ማኅተም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አጥንቱን ወደ አልኮሉ መልሺው። ፈሳሹን ድፊው። ስትቆርጪ ጫፍ ጫፉን ትተይዋለሽ። እኔ እንደሆን አላየሁም፤ ዓይኔም ደክሟል።»

«ትናንት ከዚያ ማዶ ሆነው ሌላ ጠርሙስ ላይ የጻፍኩትን የፊደል ስህተት አላነበቡም እንዴ?»

«እሱ ትናንት ነው» አለ ጋሽ ማኅተም።

ከደግነቱ ነው። ምላጭም ታውቃለች። ጠርሙሱን ይዛ መታጠቢያው ላይ ቆመች። ዝም ብላ እጇን ብታዘነብል አለቀ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስታደርግ ኖራለች፤ ዝግተኛው ሥራውን ሲጨርስ ይደፋል፣ አዲስ ይቀዳል። ስሟም እንዳለ ይቆያል። ዶክተሯም «ወፏስ?» አትላትም።

ግን ያ ሽፋን የለሽ መጽሐፍ አለ። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ አስምራ «ገባኝ!» ብላ የጻፈችበት ቦታ አለ። ገመዱና ድንጋዩ በራሳቸው አይገናኙም፤ በመሃላቸው ትናንሽ ፕሮቲኖች አሉ። ምላጭ «አስተናጋጆች» ትላቸዋለች። አንዱ በአንድ እጁ ገመዱን፣ በሌላው ድንጋዩን ይዞ «አንተ እዚህ ጋ ተቀመጥ» ይላል። ሌላው ደግሞ «በቃ፣ ሞልቷል» ብሎ ይመልሳል። አስተናጋጅ የሌለበት አዳራሽ እንግዳው ሁሉ በሩ ላይ ይከመራል፤ ውስጥ ወንበር ባዶ ነው። እነዚያ አስተናጋጆች ድንጋዩን የሙጥኝ ያሉ ናቸው። ድንጋዩ በዝግተኛው ሟሙቶ ሲወጣ አብረውት ይወጣሉ።

አሥራ ሁለት ዓመት የደፋችው እነሱን ነበር።

ጠርሙሱን በሁለት እጇ አቀፈችው።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለ ጋሽ ማኅተም።

«ልሰቀል» አለችና ወጣች።

ዶክተሯ አጉሊ መነጽሯ ላይ እንዳጎነበሰች ነበር። «ዶክተር፣ አበላሽቻለሁ» ስትላት ቀና አለች፤ ይህን ቃል ከዚህች ሴት አፍ ሰምታ ስለማታውቅ መጀመሪያ አልገባትም።

«ማን ነው ያበላሸ?»

«እኔ። የልጅቷን። ዝግተኛው ውስጥ ጨመርኩት። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እዚያ ውስጥ አድሯል። መሃሉ ግን ደህና ነው፤ በመርፌ ነክቼዋለሁ።»

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «ሌላ ሰው ይቁረጠው ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለውኛል።»

«ምን አልሽኝ?»

«ወፍ ትሻላለች አልኩዎት።»

«ወፏ አሁን ምን ትል ይሆን?»

ምላጭ ጠርሙሱን ወደ ደረቷ አስጠጋች።  የዶክተሯ ዓይን ምላጭ ያቀፈችው ጠርሙስ ላይ ዐረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝግተኛው። ያደረበት።»

«አልደፋሽውም?»

«እንዴት አድርጌ ልድፋው?» አለች ምላጭ። «ልጅቷ እኮ ናት ውስጡ ያለችው።»

ዶክተሯ ተነሳች። ጠርሙሱን ከእጇ ተቀበለቻት፣ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው፣ ከሥሩ። ብርሃን ላይ ይዛ አየችው። ውኃ ይመስላል። «አልኮል ውስጥ መቆየቱ በጀን» አለች ለራሷ። «ሌላ መድኃኒት ቢሆን ፕሮቲኖቹን አጣብቆ ያስቀራቸው ነበር። በረዶ አምጪ። ያቺን በመኪና አደጋ የተጎዳች ልጅ አጥንትም ከማቀዝቀዣው ፈልጊልኝ፤ የጤነኛ ማነጻጸሪያ ያስፈልገናል። ዝግተኛው ውስጥ እኩል ሰዓት ታቆዪልኛለሽ።» በሩ ላይ ስትደርስ «የተሳሳትሽውን መዝገብ ላይ ጻፊው። በራስሽ እጅ» አለቻት።

ጻፈችው። ጋሽ ማኅተም ቀና ብሎ ሳያያት ማኅተሙን አሳረፈበት።

የአጥንቱ መሃል በፕላስቲክ ተጠፍሮ እስኪደርቅ አሥር ቀን ፈጀ። ምላጭ ያን አሥር ቀን ከማንም ጋር አልተጣላችም፤ ሰው ሁሉ አሟት ይሆን ብሎ ሰጋ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከባዱን ስለት አወጣች፣ ወንበሯን አስተካከለች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ቆረጠች። ድንጋዩን ብቻ የሚያጠቁረውን ቀለም አጠጣችው። ከዚያ አየች።

ዳር ዳሩ ገርጥቷል። የሷ ጥፋት ነው፤ ልክ ስሟን የፈረመችበት ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ጥቁር ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ የተጨናነቀ ጥቁር። ካልሲየም ያነሰው አጥንት ዳር ላይ ድንጋይ ያልደረሰበት ሰፊ የገመድ ጥብጣብ ይታያል፤ ስንቱን እንዲህ ያለ ቆርጣለች። እዚህ የለም። ገመዱ ራሱ ቀጭን ነው፤ ድንጋዩ ግን አላነሰም። ተትረፍርፎ ተከምሯል። በሩ ላይ።

ወተት አልጎደላትም። አንድም ቀን አልጎደላትም።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ ከሁለቱ ፈሳሾች የወጡት ፕሮቲኖች ጎን ለጎን እንደ ሁለት መሰላል በሰማያዊ መስመር የሚታዩበት ፎቶ አለ። ግራው የጤነኛዋ ነው፣ ቀኙ የጉንዳን። «ቁጠሪ» አለቻት። ምላጭ በጣቷ እየነካች ወረደች። ግራው ላይ ወፍራም መስመር አለ፤ ቀኙ ላይ በዚያው ቦታ ባዶ ነው። ከመሰላሉ አንዱ ርብራብ ተነቅሏል።

«ኦስቲዮኔክቲን» አለች ዶክተሯ። «አንቺ ምን ነበር የምትያቸው?»

«አስተናጋጅ።»

«አንዱ አስተናጋጅ የለም ማለት ነው። ጉዳዩን አልዘጋሁትም፤ ደሟ ሄዶ መረጋገጥ አለበት፣ ወራት ይፈጃል። ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒትም አያድናትም፤ ስብራቱን ያሳንስላት ይሆናል። የምትጠጣው የካልሲየም ሽሮፕ ግን ይቁም።»

ምላጭ ከወንበሩ አልተነሳችም። «ዶክተር… የዘጠኝ ወር ልጅ፣ እንዲህ ያለ አጥንት ያላት፣ አንድ ሰው በብብቷ ብድግ ቢያደርጋት…»

ዶክተሯ አየቻት። የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቀችም።

«ልብስ ስትቀይሪላትም ይሰበራል» አለች በቀስታ። «ማንም ቢያነሳት ይሰበር ነበር። የሳተ እጅ የለም።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ እህቷ ቤት ደረሰች። እህቷ ስፌት መኪናው ላይ ናት፤ የልጅቷን አዲስ ቀሚስ ጥብጣብ ትሰፋለች። አማቲቱ ሽሮፑን በማንኪያ ይዘው ሶፋው ዳር ቆመዋል። ጉንዳን አፏን በትራስ ሸፍናለች።

«እማማ፣ ማንኪያውን ያስቀምጡት» አለች ምላጭ።

«ለምን? ሐኪም ያዘዘውን?»

«ሐኪም አቁሙት ብሏል። ካልሲየም አልጎደላትም። መቼም ጎድሏት አያውቅም። ቀጭኑ አጥንቷ ውስጥ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሞልቷል። የሚያስቀምጠው ነው የሌለው። ከተፈጠረች ጀምሮ ያልነበራት ነገር ነው። ወተት አይደለም፣ ፀሐይ አይደለም።» ወደ እህቷ ዞረች። መኪናው ቆሟል። «አንቺም አይደለሽም።»

እህቷ ክሩን በጣቷ ጠቀለለች።

«ያን ቀን ሆስፒታል የተናገርኩት ውሸት ነው» አለች ምላጭ። «ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሲሰበር በእጄ ሰምቼዋለሁ። ፈርቼ አንቺ ላይ ወረወርኩት። አምስት ዓመት ሙሉ። ደግሞ ናሙናዋንም ላጠፋው ነበር፤ ከኔ በቀር ማንም አይንካው ብዬ። ይኼንንም ዕወቂው።»

«እትዬ» አለች እህቷ በመጨረሻ። «ያነሳሻት አንቺ መሆንሽን እኮ ዐውቃለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ልበል? ፊትሽን ዐይቼው። እጅሽ ነው ብልሽ መቼም ሌላ አጥንት አትነኪም ነበር።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ግን ጎድቶኛል። ጎድቶኛል፣ እትዬ። እንዲህ ብለሽ እስክትመጪ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

 ምላጭ ሄዳ ስፌት መኪናው ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እህቷም እጇን እሷ ራስ ላይ ጣለች፣ ልብስ እየለካች ያለች ይመስል፣ ቀስ ብላ።

አማቲቱ ማንኪያውን እንደያዙ ቆመው ነበር። ሽሮፑን አዩት፣ ልጅቷን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ። ከዚያ ማንኪያውን ወደ ራሳቸው አፍ አስገቡት።

«ኤዲያ!» አሉ ፊታቸውን አኮማትረው። «ይኼንን ነው አምስት ዓመት ያጠጣሁሽ?»

«ብዬዎት ነበር እኮ!» አለች ጉንዳን ከትራሱ ሥር።

«ቀሪውን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ ለጉልበቴ» አሉ አማቲቱ። ከዚያ ምራታቸው አጠገብ ሲያልፉ ቆም ብለው «ልጄ» አሏት።  ሄደው ጠርሙሱን ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

ጉንዳን ከትራሱ ወጣች። «አክስቴ፣ እኔ የትኛው ነኝ ታዲያ? የተቋጠረው ነኝ ወይስ የተቃጠለው?»

«ሁለቱንም አይደለሽም። ገመዱም አለሽ፣ ድንጋዩም አለሽ። ድንጋዩን ‹እዚህ ተቀመጥ› የሚለው ነው የቀረብሽ።»

ልጅቷ አሰበችበት። «ልክ እንደ እኔ ነው። እኔም ማንም ካላስቀመጠኝ አልቀመጥም» አለች። «መስኮቱ ጋ ውሰጂኝ። ላያቸው።»

ምላጭ እህቷን አየች። እህቷ በአገጯ «ሂጂ» አለቻት።

«እንዴት እንደምታነሺ አታውቂም» አለች ጉንዳን፤ በሙያዋ የምትኮራ ሰው ድምፅ ነው። «በብብቴ አይደለም፣ እሺ? አንዱን እጅሽን ከሥሬ አድርጊው፤ ወዲህ። አንዱን ደግሞ ከጀርባዬ፣ ጣትሽን ዘርግተሽ። አሁን አታንሺ! እኔ ‹ብድግ› ስል ነው።»

«እሺ።»

«ትንቀጠቀጫለሽ።»

«አልንቀጠቀጥም።»

«ጥርስሽ እኮ ይሰማኛል!»

ምላጭ ትንፋሿን ያዘች፤ ስለቱ ላይ እንደምትይዘው።

«ብድግ» አለች ጉንዳን።

አነሳቻት። ምንም ድምፅ አልተሰማም። ጥብጣቡ ብቻ ክንዷ ላይ ተንሸራተተ። ከብርጭቆ ትከብዳለች፣ ካሰበችው ትቀላለች፣ ትሞቃለች። ሰባት እርምጃ ነበር እስከ መስኮቱ፤ ምላጭ እያንዳንዱን ዐወቀችው። ጉንዳን የተቋጠረውን አጥንት አንስታ ዓይኗ ሥር አዟዟረችውና በሌላ እጇ የአክስቷን አንገት ያዘች።

«እጅሽ ይደክማል፣ እትዬ» አለች እህቷ ከመኪናው። «አውርጃት።»

«ትንሽ ትቆይ» አለች አንዷ፣ «ትንሽ ልቆይ» አለች ሌላዋ፣ ሁለቱም ባንድ አፍ።